የኔፐንቴስ ገንቦዎች እየደረቁ ነው፦ ውሃው ነው ወይስ አፈሩ?

እንሶስላ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። ከአበባ መሸጫ አንድ ነፍሳት በል ተክል ገዝቼ ሳሎን ሰቅያለሁ። ስሙ ላይ ኔፐንቴስ ቬንትራታ ይላል፤ ከየቅጠሉ ጫፍ በክር የሚንጠለጠል ቀላ ያለ ገንቦ ያለው ነው። ሲመጣ ያምር ነበር። አሁን ገንቦዎቹ ከክዳናቸው ጀምሮ ቡናማ እየሆኑ ይደርቃሉ። አዲስ ቅጠል ማውጣቱን አላቆመም፤ ግን የቅጠሉ ክር ጫፏ ላይ ትንሽ እብጠት ይዛ እዚያው ትቀራለች፣ ገንቦ አትሆንም። የማጠጣው የቧንቧ ውሃ ነው። ለቲማቲም ካዘጋጀሁት ኮምፖስት ስለተረፈኝ በሱ ወደ ሰፊ መትከያ ላዛውረው አስቤያለሁ። እናቴ ደግሞ ቁራጭ ሥጋ ጣል ጣል ብናደርግበት ይበረታል ትላለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጤናአዳም (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ እንሶስላ፣ ከሁሉ በፊት ኮምፖስቱን አቆዪው። ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይስተካከላል፤ በኮምፖስት የተተከለ ኔፐንቴስ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ይህ ተክል የመጣው ከድሃ መሬት ነው። በቦርኒዮ፣ በሱማትራ፣ በፊሊፒንስ ዓመቱን ሙሉ የሚወርደው ዝናብ አፈሩን አጥቦ አጥቦ ናይትሮጅንና ፎስፎረሱን ጨርሶበታል። አንዳንዱማ አፈር ላይም አይበቅል፤ ዛፍ ላይ በተጠራቀመ የዛፍ ሽበት (ሞስ) ላይ ይንጠለጠላል። ሥሩ ቀጭን፣ ጥቁርና ጥቂት ነው። ሥራውም ተክሉን መያዝና ውሃ መጠጣት ነው። ምግቡን የሚያገኘው በገንቦው ከሚወድቁ ጉንዳኖችና ዝንቦች ነው። እንዲህ ያለውን ሥር በማዳበሪያ የጠገበ አፈር ውስጥ ስትከቺው ጨውና ማዕድኑ ያቃጥለዋል። ሥሩ ቢተርፍ እንኳ፣ ከታች የጠገበ ተክል ገንቦ የመሥራት ምክንያት የለውም። ገንቦ ብዙ ጉልበት ያስወጣዋል፤ ካላስፈለገው ቅጠሉን ብቻ ያሰፋል። ዘመዱ ባይሆንም እንደሱ ገንቦ በሚሠራው የሰሜን አሜሪካ ተክል በሳራሴኒያ ፑርፑሪያ ላይ ይህ በሙከራ ታይቷል። ናይትሮጅን ሲጨመርለት ገንቦው እየጠበበ ሄዶ ተራ ቅጠል ወደ መምሰል ይሄዳል።

ስለዚህ ሰፊ መትከያ ካማረሽ ረዥም ቃጫ ያለው ስፋግነም ሞስ (የደረቀ የረግረግ ሽበት) እና ፐርላይት (ነጭ ቀላል ጠጠር) እኩል በእኩል ቀላቅዪ። ለኦርኪድ መትከያ የሚሸጠው የዛፍ ቅርፊት ካለሽ ትንሽ ጨምሪበት። ማዳበሪያ የተቀላቀለበት የአበባ አፈር እንዳትገዢ፤ ከረጢቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ፣ ፐርላይቱ ራሱ ማዳበሪያ ተነክሮ የሚሸጥበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ውሃው። የኛ አካባቢ ውሃ በአብዛኛው ከፖቶማክ ወንዝ የሚመጣ ነው፤ ለሰው ጤናማ ነው፣ ለዚህ ተክል ግን ማዕድኑ ይበዛበታል። ውሃው ይተናል፣ ማዕድኑ መትከያው ውስጥ ይቀራል፣ በየጊዜው ይደራረባል። መትከያሽ ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት የመሰለ ነገር ካየሽ እሱ ነው። ውሃ ውስጥ የሟሟውን ማዕድን በፒፒኤም (ከሚሊዮን ስንት እጅ እንደሆነ) የሚለካ፣ ቲዲኤስ ሜትር የሚባል እስክሪብቶ የሚያህል መለኪያ በርካሽ ይሸጣል። ከ50 በታች ካነበበ ያለ ሐሳብ አጠጪ፤ እስከ 100 ድረስ የሚታገሡ አሉ፣ ቬንትራታ ከነሱ አንዱ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን አልመክርም። ሱፐርማርኬት በጋሎን የሚሸጠው ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውሃ፣ የሪቨርስ ኦስሞሲስ (ማዕድኑን በሚያስቀር ስስ ማጣሪያ ያለፈ) ውሃ፣ ወይም በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ ዝናብ ይሆናል። ማፍላት አይጠቅምሽም። እንፋሎቱ ይሄዳል፣ ጨዉ እዚያው ይቀራል። ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጠው የመጠጥ ማጣሪያ ጆግም ከፊሉን እንጂ ሁሉን አያወጣም።

ዛሬውኑ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አስቀምጪውና ዲስቲልድ ውሃ ከላይ እያፈሰስሽ ከታች በደንብ እስኪወርድ እጠቢው። የተጠራቀመው ይሄድለታል።

ስለደረቁት ገንቦዎች አትደንግጪ። የሻጮቹ ግሪንሃውስ ውስጥ አየሩ እርጥብ ነበር፤ ያንቺ ሳሎን ደግሞ በማሞቂያ ደርቋል። ቦታ የቀየረ ኔፐንቴስ ያሉትን ገንቦዎች ይጥላል። አንዴ የደረቀ ገንቦ አያገግምም፣ ከዚያው ቅጠልም ሌላ አይወጣም። ቅጠሉ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ግን ፀሐይ እየሰበሰበ ስለሆነ አትቁረጪው። የደረቀውን ገንቦ ብቻ አንሺ። የተክሉን ጤና የምትለኪው በሚቀጥሉት ቅጠሎች ነው፤ አዲሱ ቅጠል ካለፈው እየሰፋ ከመጣ መንገድ ላይ ነሽ።

እብጠቷ ገንቦ አለመሆኗ ግን ብዙ ጊዜ የብርሃን ነገር ነው። መስኮትሽ ወደየት ይመለከታል?

እንሶስላ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ ጤናአዳም። መስኮቱ ወደ ሰሜን ነው። ሌላው ጥያቄዬ፣ ባዶ የሆኑት ገንቦዎች ውስጥ ውሃ ልሙላበት? የሥጋውስ ነገር?

ጤናአዳም

ሰሜኑ ነው ችግሩ። ወደ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ካለሽ እዚያ አድርጊው፤ የጠዋት ፀሐይ ይስማማዋል። ከሌለሽ ነጭ የኤልኢዲ መብራት ከላዩ በ30 ሳንቲሜትር ገደማ አንጠልጥዪና በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይብራ። በቂ ብርሃን ያገኘ ቅጠል ትንሽ ቀላ ይላል። ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ከተለጠጠ ጨለማ በዝቶበታል።

ገንቦው ገና ክዳኑን ሳይከፍት ውስጡ ያለውን ፈሳሽ ተክሉ ራሱ ነው የሚሠራው። አሲድነት ያለው ነው፣ ነፍሳቱን የሚፈጩ ኢንዛይሞች አሉበት። ስለዚህ ፈሳሽ ያለውን ገንቦ አትድፊ፣ አትጠቢ። በጉዞ ላይ የተደፋ ከሆነና ገንቦው አረንጓዴ ከሆነ ሲሶው ድረስ ዲስቲልድ ውሃ ብታደርጊለት አይደርቅም።

ሥጋ በፍጹም። ስቡና ብዛቱ ከገንቦው አቅም በላይ ነው፤ ይበሰብሳል፣ ይሸታል፣ ገንቦው ከሥር ይጠቁራል። ቤት ውስጥ ነፍሳት ካጣ በሁለት ሦስት ሳምንት አንዴ ለአንድ ገንቦ አንድ የሞተች ዝንብ ወይም አንድ ሁለት ፍሬ የዓሣ ምግብ ይበቃዋል። ምግብ ባትሰጪውም አይሞትም፣ ዕድገቱ ይዘገያል እንጂ። ብርሃንና ንጹሕ ውሃ ከምግቡ ይቀድማሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ደስ ስለሚለኝ። የገንቦው ከንፈር በጥቃቅን ቦዮች የተሸነሸነ ነው። ጤዛ ወይም የራሱ ማር ሲያረጥበው ውሃው ስስ ንጣፍ ሆኖ ይዘረጋበታል፤ ማሩን ፍለጋ የመጣው ጉንዳን እግሩ የሚቆነጥጠው ነገር ያጣና ይንሸራተታል። ከንፈሩ ደረቅ ሲሆን ግን ያው ጉንዳን እንደልቡ ይመላለስበታል፣ ሄዶም ጓደኞቹን ይጠራል። አየሩ ሲረጥብ አንድ ላይ ይወድቃሉ። ይህን ለማየት ተክሉን በረንዳ ላይ በበጋ ማታ ማታ ብታወጪው ይሻላል።

ቀጤማ (አዲስ አበባ፣ ኮተቤ)

ውይይቱን ሳነብ ቆየሁ። እኔ በፎቶ ብቻ ነው የማውቀው፣ ግን ልቤ ገብቷል። አዲስ አበባ ላይ ይሆናል ወይ? ብርዱ አይገድለውም? አንድ የጽጌረዳ እርሻ የሚሠራ ወንድም አለኝ፣ ያገለገለ ኮኮፒት (ከኮኮናት ልጣጭ የሚሠራ መትከያ) በከረጢት ይጥላሉ፣ በነፃ ማግኘት እችላለሁ።

ኮሰረት (አዲስ አበባ፣ የካ)

ቀጤማ ልጄ፣ ለዚህ ጥያቄ ዝም ማለት አልችልም። አዲስ አበባ ለደጋ ኔፐንቴስ ከብዙ የዓለም ከተሞች የተሻለች ናት። ሰዎች በሌላ አገር ማታ ማታ ለማቀዝቀዝ ማሽን ይገዛሉ፤ እኛ መስኮት እንከፍታለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኔፐንቴስ በከፍታ ሁለት ወገን ይሆናል። ከ1,000 ሜትር በታች የሚበቅለው ቆላማው ሌሊትም ሙቀት ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ያለው ደገኛው ግን ቀን ሞቅ፣ ሌሊት ቀዝቀዝ ካላለለት ይደክማል። በቦርኒዮ ኪናባሉ ተራራ ላይ ያለው ኔፐንቴስ ራጃ፣ ገንቦው ከሦስት ሊትር በላይ የሚይዘው፣ ከ1,500 እስከ 2,650 ሜትር ባለው ከፍታ ነው የሚኖረው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀናችን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ፣ ሌሊታችን 10 አካባቢ። ሌላ ምን ይፈልጋል?

የጎደለን እርጥበት ነው። ኪናባሉ ላይ ጉሙ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። እኛ ዘንድ ከሰኔ እስከ መስከረም ተክሉ ደስ ይለዋል፣ ገንቦ በገንቦ ይሆናል። ከጥቅምት ጀምሮ ደረቁ ነፋስ ሲነሣና በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሲመጣ ግን ገንቦ መሥራቱን ያቆማል። እኔ ያን ጊዜ ከደጅ አስገባና በነጭ ላስቲክ የተሸፈነ መደርደሪያ ላይ አደርገዋለሁ፤ ከላይ ትንሽ ክፍት ይተዋል፣ አየር ካልተንቀሳቀሰ ይሻግታል። ከሥሩ ሰፊ ትሪ አድርጌ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) እሞላና ውሃ አደርግበታለሁ፣ መትከያው ከጠጠሩ ላይ ይቀመጣል እንጂ ውሃውን አይነካም። ኔፐንቴስ እግሩ ውሃ ውስጥ መቆም አይወድም።

ፀሐያችንም በዚህ ከፍታ ኃይለኛ ናት። የቀትሩን በአረንጓዴ የጥላ መረብ ቀንስለት። የጠዋቱን ይውሰድ።

ከጽጌረዳ እርሻ የተጣለውን ኮኮፒት ግን እባክህ ተወው። ለዓመታት ማዳበሪያ በጠብታ ሲፈስበት የኖረ ነው፤ ብታጥበውም ጨርሶ አይወጣም። አዲሱም ቢሆን ሶዲየምና ፖታሲየም አለበት። እርሻዎቹ ያንን ለማስለቀቅ በካልሲየም ናይትሬት ያጥቡታል፣ ለጽጌረዳ ጥሩ ነው፣ ለኛ ተክል ግን ያው ማዳበሪያ ነው። አዲስ ኮኮፒት ብታገኝ በዝናብ ውሃ ደጋግመህ ንከር፣ ጨምቅ፣ የወጣውን ውሃ ለካ፤ ንባቡ ከዝናቡ ውሃ ጋር እስኪቀራረብ ድረስ አታቁም። ከዚያ ታጥቦ ከተነፋ ፑሚስ (ቀዳዳማ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ጋር እኩል ቀላቅለው። ፑሚስና ሬድ አሽ የስምጥ ሸለቆ ጸጋችን ናቸው፤ ፈረንጆቹ በውድ የሚገዙትን እኛ መንገድ እናነጥፍበታለን።

ጤናአዳም

ኮሰረት፣ ስለ ኮኮፒቱ አልስማማም ማለት ይከብደኛል፣ ግን ለጀማሪ ባይጠቀመው እመርጣለሁ። ስፋግነም ሞስ በጥቂት ኪሎ ከውጭ ቢመጣለት ለብዙ ዓመት ይበቃዋል፣ የጨው ሐሳብም የለበትም።

ኮሰረት

ልክ ነህ፣ የተገኘ እንደሆነ። ግን እዚህ ያለ ሰው የሌለውን ሲጠብቅ ተክሉ አይጠብቀውም። በኮኮፒትና በፑሚስ ያደገ ኔፐንቴስ ሳንጉኒያ አለኝ፤ ከማሌዥያ ደጋ የመጣ ዝርያ ነው፣ ገንቦው ከክንዴ እስከ መዳፌ ይሆናል። ኔፐንቴስ ቬንትሪኮሳም ይስማማዋል፣ እሱ ከፊሊፒንስ፣ ከሉዞን ደሴት ተራሮች ነው። የሚያስፈልገው የመታጠቡን ድካም አለመሰሰት ነው።

ቀጤማ

ውሃውስ እትዬ ኮሰረት? ከሱቅ የሚሸጠው የታሸገ ውሃ?

ኮሰረት

የታሸገው ማዕድን ያለው ነው፣ ለካና ታየዋለህ። አምቦ ውሃማ ጨርሶ እንዳታስበው። የባትሪ ውሃ ነዳጅ ማደያ ታገኛለህ፤ ዲስቲልድ መሆኑን ጠይቀህ አረጋግጥ፣ ለባትሪ ተብሎ አሲድ የሚሸጥበትም አለና መለያውን ሳታነብ አትውሰድ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የሰማዩ ነው። በክረምት ዝናቡ አቧራውን ከሰማይና ከቤቱ ክዳን ካጠበ በኋላ ንጹሕ ሳፋ ሜዳ ላይ አውጥተህ ሰብስብ፣ ከቆርቆሮና ከአሸንዳ የሚወርደውን ለሌላው አበባ አድርገው። በጀሪካን ክደነውና ብርሃን የማይገባበት አስቀምጠው፣ አለበለዚያ አረንጓዴ ይሆናል። ለአንድ ሁለት ተክል ከመስከረም እስከ በልግ የሚያደርስ ውሃ መያዝ ከባድ አይደለም።

ግራዋ (ድሬዳዋ)

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ገንቦው ውሃ ይዞ ከዋለ ወባ አይፈለፈልበትም? እዚህ ድሬዳዋ የጤና ባለሙያዎች የቆመ ውሃ ድፉ እያሉ ቤት ለቤት ነው የሚዞሩት።

ጤናአዳም

ወንድሜ ግራዋ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሀር ከተገኘች ወዲህ ወባ የገጠር ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ ይህቺ ከተማ ውስጥ በበርሜል፣ በሮቶ፣ በጀሪካን ውሃ ትራባለች።

ከገንቦው ይልቅ የሚያሳስበው ትሪውና የዝናቡ ውሃ ዕቃ ነው። በተፈጥሮ ገንቦ ውስጥ ለመኖር የለመዱ ትንኞች በአገራቸው አሉ፤ ሰሜን አሜሪካ ሳራሴኒያ ውስጥ የምትኖረው ዋዮሚያ ስሚታይ ለምሳሌ እጭዋ ሌላ ቤት የላትም። የወባዋ ትንኝ ግን የምትፈልገው ሰፋ ያለ የቆመ ውሃ ነው። ስለዚህ ጀሪካኑ በክዳን ይጥበቅ፣ በርሜል ከሆነ አፉ በጥቅጥቅ መረብ ይታሰር። የትሪውን ውሃ በየሦስት በየአራት ቀኑ ደፍተህ ግድግዳውን ፈትገህ ቀይረው፤ እጭ ክንፍ እስኪያወጣ ሳምንትና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅበት አትደርስም። ገንቦው ውስጥ የሚዋኝ ነገር ካየህ ፈሳሹን በሲሪንጅ ሳብና አውጣው። ዘይትም ኬሚካልም አትጨምርበት።

ለድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ደገኛውን አትሞክር። ቬንትራታ ሙቀት ይችላል፤ ከዛፍ ጥላ ሥር አድርገው።

ሬሃን (ነታንያ፣ እስራኤል)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሳራሴኒያ ነው ያለኝ፣ በረንዳ ላይ። እሱ ከመሬት ቀጥ ብሎ የሚቆም ረዥም ቀንድ የመሰለ ነው፣ ዝንብና ተርብ በብዛት ይይዛል። ከኔፐንቴስ ሁሉ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ፣ ከሥሩ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ውሃ ያለው ትሪ፣ አፈሩ ማዳበሪያ የሌለው ፒት ሞስና ፐርላይት። የኛ ቧንቧ ውሃ ኖራ ስለሚበዛው የሪቨርስ ኦስሞሲስ ውሃ ነው የምጠቀመው። የሚጎዳው ሐምሲን የሚባለው ትኩስ የበረሃ ነፋስ ሲነፍስ ነው፤ ያን ቀን ወደ ግድግዳ አስጠጋዋለሁ፣ ካልሆነ የገንቦው አፍ በአንድ ቀን ይቃጠላል። ጥያቄዬ፣ በክረምት ቅጠሉ ይደርቃል፣ የሞተ ይመስላል። መብራት ባበራለት ይሻላል?

ጤናአዳም

አይ ሬሃን፣ እንዳታበሪለት። አልሞተም፣ ተኝቷል። ሳራሴኒያ የሰሜን አሜሪካ ምሥራቅ ረግረግ ልጅ ነው፤ ቀኑ ሲያጥርና ሲበርድ ሦስት አራት ወር ይተኛል፣ ከመሬት ሥር ያለው ግንዱ ግን በሕይወት አለ። እዚህ አጠገባችን ሜሪላንድም ሳራሴኒያ ፑርፑሪያ በዱር አለ፣ በረዶ ይሸፍነዋል፣ በጸደይ ይነሣል። (በዱር ያየ ሰው ግን እንዳይነቅል፤ እየተመናመነ ነው።) እንቅልፉን የተነፈገ ሳራሴኒያ አንድ ሁለት ዓመት ይፍጨረጨራል፣ ከዚያ ሳሎን ውስጥ እየቀጨጨ ይሞታል። የደረቀውን ቁረጪ፣ አፈሩ እርጥብ ይሁን፣ ውሃውን ቀንሺለት፣ በረንዳው ላይ ይቆይ። የነታንያ ክረምት ለስላሳ ቢሆንም ቀኑ ስለሚያጥር ይገባዋል።

አዲስ አበባ ላይ ሳራሴኒያን የማልመክረው ለዚሁ ነው። ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ተኛ የሚለው የለም።

ዳማከሴ (ባሕር ዳር)

ይህ ሁሉ ከሩቅ አገር ነው። አፍሪካ ላይ የለም ማለት ነው?

ኮሰረት

ኔፐንቴስ በአፍሪካ ዋናው ምድር ላይ በዱር የለም፤ ቅርባችን ማዳጋስካርና ሲሼልስ ናቸው። እንዲያውም በጽሑፍ መጀመሪያ የተመዘገበው የማዳጋስካሩ ነው፣ በ1658 እ.ኤ.አ. በፈረንሳዩ ገዥ በፍላኩር። ኔፐንቴስ የሚለውን ስም ሊኒየስ የሰጠው በ1737 ነው።

ነፍሳት በል ግን አገራችንም አለን። ዩትሪኩላሪያ የሚባለው ሥር አልባ የውሃ ተክል በረግረጎቻችንና በሐይቅ ዳር ይገኛል። ክሮቹ ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጡ ከረጢቶች አሉት፤ ትንሽ የውሃ ነፍስ ፀጉሩን ስትነካ ክዳኑ ይከፈትና ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመጥጣታል። ባሕር ዳር ነህና ረጋ ባለ ውሃ ዳር ከውሃው በላይ ብቅ ያለች ትንሽ ቢጫ አበባ ካየህ ጎንበስ ብለህ እያት። አትንቀላት፣ እዚያው ተመልከታት።

ቀጤማ

አሁን ቆርጫለሁ። እህቴ ከዋሽንግተን ስትመጣ በሻንጣ ብታመጣልኝስ?

ጤናአዳም

በዝምታ አይሆንም ወንድሜ። ኔፐንቴስ በሙሉ በሳይተስ (ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር ዕፅዋትና እንስሳት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ውስጥ ነው፣ ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። ራጃና የሕንዱ ካሲያና በጥብቁ በአንደኛው ዝርዝር ናቸው፣ የቀሩት በሁለተኛው። በሁለተኛው ዝርዝር ያሉት በላብራቶሪ ጠርሙስ ውስጥ የበቀሉና ከነጠርሙሳቸው የሚጓዙ ችግኞች ከሳይተስ ወረቀት ነፃ ናቸው፤ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትና የአገር ቤት የማስገቢያ ፈቃድ ግን ለነሱም ያስፈልጋል። ይህ ለቢሮክራሲ ብቻ አይደለም፣ ከአንድ ተክል ሥር የተደበቀ ትል የሰው እርሻ ሊያጠፋ ይችላል። ከዱር የተነቀለ የሚሸጥም አለና ከየት እንደተራባ ሳታውቅ አትግዛ።

ኮሰረት

ወይም አትቸገር። ሳንጉኒያዬ ወደ ላይ እየተሳበ ስለሆነ ከመስቀል በፊት ጫፉን እቆርጠዋለሁ፤ ከሥሩ አዲስ ቡቃያ የሚያወጣው ያኔ ነው። ሁለት ሦስት ቅጠል ያለው ቁራጭ እሰጥሃለሁ። ቅጠሎቹን ከግማሽ ቆርጠህ እርጥብ ፑሚስና ኮኮፒት ውስጥ ትከለው፣ በታችኛው ግማሹ በተቆረጠ ሃይላንድ ድፋበት፣ ክዳኑን ላላ አድርገው፣ ደማቅ ግን ፀሐይ የማይመታው ቦታ አስቀምጠው። ሥር እስኪያወጣ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፣ እየነቀልክ አትየው። አዲስ ቅጠል ሲገፋ ሃይላንዱን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያነሣህ አየሩን አልምደው። እስከዚያ ሳፋህን አዘጋጅ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ውሃ ያዝ።